የበላይነሽ ቀኝ እጅ

መስከረም 20 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስልሳ አንድ ሰው መጣ። እውነተኛ ሕመምተኛ ሃያ ቢሆን ነው፤ የቀረው የሰሊጥ ሕመምተኛ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ በዚህ የሱዳን የስደተኞች ሰፈር ወገቡን የማይቆርጠው ሰው አይገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በአጨዳ ወራት ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ እርሻ ይወርዳል፣ ራሽኑም ይቋረጣል። ከክሊኒኩ የሕመም ወረቀት የያዘ ብቻ ቤቱ ተቀምጦ ማሽላውንና ዘይቱን ይቀበላል። ወረቀቱን የሚፈርመው ዶክተር አሊ ነው። ዶክተር አሊ ሱዳናዊ ነው፣ አማርኛ አይሰማም፤ ጆሮውም አፉም እኔ ነኝ። ጎንደር ዘጠኝ ዓመት ድሬሰር ሆኜ ሠርቻለሁና አስመሳይን በአረማመዱ አውቀዋለሁ።

ከሁሉ ያስገረመችኝ አንዲት ሴት ናት። በላይነሽ ትባላለች፣ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። እዚሁ ሱዳን ቁረይሻ አካባቢ ኖራ ባለፈው ወር ነው ወደኛ ሰፈር የመጣችው። ከዚያው አብራት የመጣችው ጎረቤቷ ራሒማ ደግፋ አመጣቻት። ቀኝ እጇ ከትከሻዋ ጀምሮ ተንጠልጥሏል። ቁስል የለ፣ እብጠት የለ፣ ትኩሳት የለ። «አይነሣልኝም» አለች፣ በቃ። የት አገር ሰው እንደሆነች ስጠይቃት «ጎንደር ከተማ» አለች። ጎንደር ሰፊ ነው።

ስተረጉም ዓይኗን ጨፍና ነው የምታዳምጠኝ። አንድ ጊዜ «እስቲ ድገመው ልጄ» አለችኝ። ደገምኩላት። ማስደገም ለምን እንዳስፈለጋት አልገባኝም፤ የተናገርኩት ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

ዶክተሩ የአንድ ሳምንት ወረቀት ሰጣት።

መስከረም 22፣ ሰኞ

ዶክተር አሊ ለምርመራ የቀጠራትን የበላይነሽን እጅ በመርፌ ጫፍ እየነካ፣ የማይሰማትን ቦታ በእስክሪብቶ አሰመረው። ሲጨርስ አየሁት። ልክ የቀሚስ እጅጌ ነው፤ ትከሻዋ ላይ እንደ ስፌት ዙሮ ያልቃል። የሰው ነርቭ እንዲህ አይሄድም። ይህን እኔም ተምሬዋለሁ፤ አንዱ ነርቭ አውራ ጣቱን ይይዛል፣ ሌላው ትንሿን ጣት፣ እንደ መስኖ ቦይ የየራሱ መንገድ አለው።

«ተያዘች!» አልኩት በአረብኛ።

ዶክተር አሊ እስክሪብቶውን ከደነና ሳቀ። «ታምሬ፣ ማስመሰል የፈለገ ሰው አስቀድሞ ይጠይቃል። በሽተኛ እንዴት እንደሚሆን አይቶ ይማራል። ይህች ሴት ማንንም አልጠየቀችም። እጅ ማለት ለእሷ ከትከሻ እስከ ጣት ነው፤ ሕመሟም እንደዚያው ነው።»

«ታዲያ በሽታው ምን ይባላል?»

«አላውቅም። እኔ ያላወቅሁት ሁሉ ውሸት ነው ማለት ግን አልችልም።»

እንዲህ እያለ ነው ሰው የሚጫወትበት። አገራችን ቢሆን እጇን አይተው አንዱ ምች ነው፣ አንዱ ዛር ነው፣ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይል ነበር። ስም ይሰጡታል፤ ስም ሲያገኝ ደግሞ ጠበል የሚወስድ፣ የሚያስታምም ሰው ያገኛል። እዚህ ቴርሞሜትሩ ካልመሰከረ በሽታ የለም። እኔ ከቴርሞሜትሩ ጋር ነኝ።

መስከረም 25፣ ሐሙስ

ጉሮሮዬ። ከሰኞ ጀምሮ ስውጥ የሚያንቀኝ ነገር አለ፣ የለውዝ ፍሬ የሚያህል። ነርሷ ሂያም በባትሪ አየችልኝና «ማፊ ሐጃ» አለች፤ ምንም የለም ማለቷ ነው። እናትና አባቷ የጎንደር ሰዎች ናቸው፣ እሷ ግን እዚህ አድጋ አማርኛውም አረብኛውም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጣላት። መኖሩን የማውቀው እኔ ነኝ እንጂ ባትሪዋ አይደለም። ቴትራሳይክሊን ጀምሬያለሁ።

በላይነሽ ዛሬም መጣች። የሳምንት ወረቀት ይዛ ሳለ ምን ፈለገች? ከተራው ወጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። የሚመለከተኝ ሰው ሲኖር ጀርባዬ ያውቀዋል።

መስከረም 29፣ ሰኞ

ወረቀቷ አብቅቶ መጣች። ዶክተር አሊ «እጇ ያቆመበትን ቀን ትንገረን። ሙሉውን» አለኝ።

ጠየቅኋት። ብዙ ተናገረች። ስለ ጎንደር፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ቤቷ በር፣ በሩ ላይ ስለተቀመጠ አንድ ሰው። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው። ለሐኪም ይህ ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመውን መርጬ «እንጨት ተሸክሜ ስሄድ ወደቅሁ ትላለች» አልኩት።

ዶክተር አሊ ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ሁሉ ተናግራ፣ ወደቅሁ ብቻ ነው?»

«ገጠሬ ወሬ ያበዛል» አልኩ። የጎንደር ከተማ ሰው ናት ብዬ የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ አላስታወሰም መሰለኝ። ሂያም መርፌ እያፈላች ነበር። ማፍያው ላይ ክዳኑን በኃይል ጣለችው።

ወረቀቷ ለሳምንት ታደሰ፣ የመውደቅ ማስታገሻ ታዘዘላት። ቅባት።

ማታ። ይህን ደብተር ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ልጻፈው፤ ፈርቻለሁ። እዚህ ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ ያን መንግሥት ሸሽቶ የመጣ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱን «ቀበሌ ነበርክ» ብለው በድንጋይ አሳድደው ዶካ ከተማ አደረሱት፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እኔ ቀበሌ አልነበርኩም። ተራ ሲደርሰኝ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚያ ጊዜ ተራ ያልደረሰው ማን ነበር? ይህች ሴት እጇን ይዛ የምትመጣው እጇን ለማሳየት ነው ወይስ እኔን ለማየት?

ጥቅምት 4፣ ቅዳሜ

አየኋት! በዓይኔ በብረቱ አየኋት። ረፋዱ ላይ፣ በክሊኒኩ ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተራ ስትጠብቅ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ዝንብ ከንፈሯ ላይ አረፈ። ቀኝ እጇ ተነሥቶ ዝንቡን እሽ አለ፣ ተመልሶም ጭኗ ላይ ወደቀ። ሮጬ ለዶክተር አሊ ነገርኩት።

«ተኝታ ነበር?» አለ።

«አዎ።»

«እንግዲህ እጁ ጤነኛ ነው። ስትነቃ የሚከለክለው ማን ነው? ጥያቄው እሱ ነው፣ ታምሬ።»

በተኛ ሰው የሚፈረድ ችሎት ይመስል። እኔ የማውቀው እጅ ይነሣል ወይም አይነሣም። መሃል ላይ ሦስተኛ ነገር ካለ ውሸትና እውነት በምን ይለያሉ? ሁሉም ሰው «ተኝቼ ነው» ሊል ነው። ሰውም በነቃ ጊዜ ስላደረገው ሳይሆን...

ተወው። ጉሮሮዬ አልተሻለውም። የእኔ ግን እውነተኛ ነው።

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ዶክተር አሊ መድኃኒት ሊያመጣ ገዳሪፍ ሄደ፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሳምንታዊ ወረቀት የማደስ ሥልጣን ለእኔ ሰጠ። ማኅተሙ ኪሴ ነው።

በላይነሽ ቀረበች። «እትዬ በላይነሽ፣ እጅዎ ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ወረቀት የለም» አልኳት።

«ማን አየ?»

«እኔ።»

«አንተ ካየህ አይተህ ነው» አለችና ሄደች። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። እውነተኛ ሕመምተኛ ቢሆን ይጮህ አልነበር? ለታማሚዎች ሁልጊዜ የምላት አንዲት ተረት አለችኝ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እላለሁ። ዛሬ ልላት ብዬ ምላሴ ተያዘ።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ራሽን ተከፈለ። ስሟ ሲጠራ አልሰማሁም። ውሃ መቅጃው ላይ ሁለት ሴቶች «አጫጅ ልትሆን ነው አሉ» «በአንድ እጇ?» «ምን ታርግ፣ ትብላ እንጂ» ሲሉ ሰማሁ። እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን ወደ ውሃው አዞሩት። ስለ እኔም ያወሩ ነበር፤ ይታወቃል።

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

ሥራ በዛ። ወባ። ሠላሳ አራት። እንቅልፍ የለም። ከሾርባ በቀር የሚወርድልኝ ነገር የለም። ቀበቶዬን አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት።

አልመጣችም። መቅረቷም ደስ አላለኝም፤ ምን እያሰበች ይሆን?

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ

ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእርሻው ትራክተር ተሳቢ ላይ ጭነው አመጧት። የሰሊጡን ነዶ ከቀኝ ክንዷ ጋር በመቀነቷ አስራ፣ በግራ እጇ ታጭድ ኖሯል። ማጭዱ ስቶ ክንዷ ውስጥ ገብቷል። አጥንቱ ይታያል። አብራት ስታጭድ የነበረችው ራሒማ ትንቀጠቀጣለች፤ በላይነሽ ግን «ደም! ደም! ሲሉኝ ነው ያየሁት» አለች፣ የሰው ነገር እንደምታወራ ሁሉ።

ማደንዘዣ አልቋል። ዶክተሩ የሄደውም ለእሱ ነው። ሂያም ትከሻዋን ያዘችልኝና መስፋት ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ስፌት ፊቷን አያለሁ። ሰው ምንም ቢጨክን መርፌ ሥጋው ውስጥ ሲገባ ቅንድቡ እንኳ ይነቃነቃል። እስከ አምስተኛው ስፌት ድረስ ውሸቷን እየጠበቅሁ ነበር። ከአምስተኛው በኋላ ቀና ማለት አቃተኝ። ዘጠኝ ስፌት ሆነ። እኔ በላብ ተጠመቅሁ፣ እሷ ራሒማን «አይዞሽ» እያለች ነበር።

ጠቅልዬ ስጨርስ «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ቀጥላም «ድምፅህ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለች።

ድሮ አለች። ድሮ መቼ?

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ክሊኒክ ዝግ ነው። ራሒማ ጎጆዬ ድረስ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እንቢ አለች።

«አያ ታምሬ፣ ወረቀት የከለከልኻት አንተ ነህ አሉ።»

«እጇ ሲነሣ አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ። ሌሊት በሕልሟ ትጣራና ይነሣል። ሲነጋ ይሞታል። እኔ የአላህ ሰው ነኝ፣ እሷ የማርያም ናት፣ አምስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ውሸት ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ጉዳዩን ጠይቀኻት ነግራሃለች አይደል? ለምን ለሐኪሙ አልነገርህላትም? ሂያም ሰምታለች።»

ያልሰማሁ ይመስል እንደገና ነገረችኝ። የበላይነሽን ልጅ የቀበሌ ሰዎች ከቤት ወሰዱት። በማግስቱ እናቲቱ እንዳታለቅስ በሯ ላይ ሰው አስቀመጡ። በዚያ ዘመን ለቅሶ ክልክል ነበር፣ ያለቀሰ ይታሰራል። እሷም ልቧ ነግሯት ደረቷን ልትመታ ቀኝ እጇን ስታነሣ፣ በሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ከውጭ ሆኖ «እናቴ፣ ልጅሽ ደኅና ነው። እስር ቤት ነው ያለ» አላት። እጇን አወረደች። ከዚያ ወዲህ ማንሣት አልቻለችም።

«ሞቷል ብላችሁ አትነግሯትም?» አልኩ፣ ነገሩን ለመዝጋት።

«ማን ያርዳት? ያላየ ሰው መርዶ ይናገራል? ኋላ ልጁ ብቅ ቢልስ? ሟርት ነው። ሳይረዱ ደግሞ አይለቀስ። ይኸው ስድስት ዓመት ሊሆን ነው፣ ማቅ አልለበሰች፣ ተዝካር አላወጣች። ደኅና ነው ያላት ሰውዬ በሕይወት ካለ እሱ ያውቃል። እንጂማ ማን አለ?»

ስትወጣ ልጁ ማን ይባል እንደነበር ጠየቅኋት። እስካሁን ለምን እንዳልጠየቅሁ እንጃ፤ ካርዱ ላይ የልጅ ስም የሚጻፍበት መስመር የለም።

«አንዳርጌ» አለች።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ፣ ሌሊት

ሾርባውም አልወርድ አለ። ልጻፈው።

አንድ ጠዋት ከቀበሌ ጠሩኝ። ሐኪም ያስፈልጋል አሉ። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አሥራ አንድ ልጆች ተጋድመዋል። ሥራዬ መሞታቸውን ማረጋገጥ ነበር። መስሚያ አልሰጡኝም፤ ጆሮዬን በየደረታቸው ላይ እያደረግሁ አዳመጥኩ። ሰባተኛው ኪሱ ውስጥ መታወቂያ ነበረው። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጥበቃ ተራህ ደርሷል ተብዬ እናቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀሷ ከተሰማ መጻፍ አለብኝ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። «ምንም ድምፅ አልተሰማም» ብዬ ጻፍኩ፤ እውነት ነው፣ አልተሰማም። ጀርባዬን ለበሩ፣ ፊቴን ለመንገዱ ሰጥቼ ነበርና መልኳን አላየሁም። መልኬንም አላየችም። ድምፄን ብቻ ሰማች።

ደኅና ነው ያልኳት በክፋት አይደለም። ካለቀሰች ይወስዷታል ብዬ ነው። ወይስ ካለቀሰች እኔ እጠየቃለሁ ብዬ? ሁለቱም ነበሩ። የትኛው እንደቀደመ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠይቅ እሷ የት እንደደረሰች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ሰው ሁሉ አስመሳይ ነው ስል የኖርኩት ለካ አንዱን ስለማውቀው ነው።

ብነግራት ሰፈሩ ይገድለኛል። ባልነግራት ያው በሯ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

ዶክተር አሊ ተመለሰ። ስፌቱን አየ፣ ማደንዘዣ እንዳልነበረ ሰማ፣ ወረቀት ማን ከለከለ አለ። ሂያም አላስቀደመችኝም። «ማ ከዳ ያ ዶክተር! እንዲያ አይደለም፤ ወድቄ ነው አላለችም እኮ፣ ታምሬ ነው ያለው» አለችና ሙሉውን በአረብኛ ዘረገፈችው። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ተቆጥቶ ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ ጉሮሮዬን አየልኝ። ሁለት ጣቱን አንገቴ ላይ አድርጎ «ዋጥ» አለኝ። ዋጥኩ። «ምንም የለህም» አለ፣ ቆይቶም «ያመሃል ግን» አለ። የሦስት ወር ወረቀት ለበላይነሽ ፈረመ። «እህል ይሰጣታል። እጇን የሚያክም ነገር ግን ከገዳሪፍ አላመጣሁም» አለኝ። የበሩን ሰውዬ ማንነት አልጠየቀኝም። በዓይኑ ግን የጠየቀኝ ይመስለኛል።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

ለራሒማ ነገርኳት። ፊቴ ላይ ተፋች። ምራቁን ስጠርግ «ነገ ማለዳ» አለች። «መርዶ በማለዳ ነው። ሴቶቹን እኔ እሰበስባለሁ። ሁለት ሽማግሌ አንተ ፈልግ። እንዳትቀር።»

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

ጎሕ ሳይቀድ ሄድን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ፊት፣ እኔ መሃል፣ ከኋላ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በሩ ላይ ሲያይ ሰው ሁሉ ይገባዋል። በላይነሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን፣ ቀኝ እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ።

የሚባለውን ሁሉ አስቤ መጥቼ ነበር። እግዚአብሔር ያጥናሽ ከማለት ልጀምር ነበር፤ ጠፋብኝ። «እናቴ፣ አንዳርጌ ሞቷል። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ያረጋገጥኩ እኔ ነኝ። በርሽ ላይ የተቀመጥኩትም፣ ደኅና ነው ያልኩሽም እኔ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ከሁለት ጎኔ ፈቀቅ አሉ። አንድ ሰው ከውጭ ሰደበኝ። በላይነሽ ወደነሱ አልዞረችም።

«ቀኑን ንገረኝ» አለች።

«ግንቦት 12 ቀን ሰባ፣ ቅዳሜ።»

«በሚካኤል» አለች። «በሚካኤል ነው እንጂ!» ያን ጊዜ ጮኸች። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ቤቱ በአንድ አፍ ተነሣ። በግራ እጇ ደረቷን መታች፤ ቀኙ ግን አልተነሣም። እንደሚነሣ ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። ራሒማ አጠገቧ ተንበረከከች፣ ፋሻውን ሳትነካ የቀኝ እጇን አንጓ ያዘች፣ አነሣችውና በበላይነሽ ደረት ላይ አሳረፈችው። እንደገና አነሣች፣ አሳረፈች። ስድስት ዓመት የቀረባትን ራሒማ እያነሣች አስመታቻት። ስፌቱ ይፈታል ብዬ ላስቆማቸው አሰብኩ፤ ተውኩት።

ፀሐይ ስትወጣ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። ማንም አልነካኝም፣ ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም። ሂያም መጥታ «ትጠራሃለች» አለችኝ። ገባሁ። ድምፅዋ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የምትናገረው።

«ድምፅህን የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«ዛሬም ደኅና ነው ትለኝ እንደሆን ብዬ ነዋ። ለሱ ነበር የምመላለስ።»

እኔ ወረቀት ፍለጋ መስሎኝ ነበር።